አሥራ ሁለት ካሬ፣ አምስት ተማሪ

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ የላሜራ በሩ ሲከፈት ሰው ከመግባቱ በፊት ዕቃ ይወጣል። የፕላስቲክ ባልዲው፣ የመጥረጊያው እስር፣ የለስላሳው ሳጥን፣ ባዶው ጀሪካን አንድ በአንድ ከውስጥ እየተጎተተ ደጃፍ ላይ ይደረደራል። ባለሱቁ ወደ ባንኮኒው መግባት የሚችለው መተላለፊያው እንዲህ ከተለቀቀለት በኋላ ነው። ወዲያው ስድስት ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ ብሯን ጨብጣ ትደርሳለች። በእግሯ ጣቶች ቆማ «ጋሼ፣ ዳቦ!» ትላለች። ባንኮኒው እስከ አገጭዋ ይደርሳል፤ በላዩ የተደረደሩት የከረሜላና የማስቲካ ዕቃዎች ደግሞ የቀረውን ፊቷን ይሸፍኑታል። ለባለሱቁ የሚታየው ብር የያዘ ትንሽ እጅ ብቻ ነው። ከኋላዋ የደረሰ ጎልማሳ በጭንቅላቷ ላይ አሳልፎ ገንዘቡን ይዘረጋል፤ ሳሙናውን ተቀብሎ ይሄዳል። ልጅቷ አሁንም እንደቆመች ናት።

ይህን ያላየ የከተማ ሰው የለም፤ ስለለመድነው ግን እንደ ጥያቄ አናየውም። ለሥነ ሕንፃና ለውስጥ ዲዛይን ተማሪዎች ትንሽ ሱቅ የቡድን ፕሮጀክት ሆኖ ሲሰጥ መነሻ መሆን ያለበት ይኸው የለመድነው ትዕይንት ነው። ብዙ ጊዜ ሥራው እንደ መለማመጃ ይቆጠራል፤ ሆስፒታልና ስታዲየም እስኪደርስ እጅ ማፍታቻ ነው የሚል አመለካከት አለ። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግን ተቃራኒው ነው። ሰፊ ሕንፃ ለአምስት ተማሪዎች ሲሰጥ አምስቱ ይከፋፈሉታል፦ አንዱ ምድር ቤቱን፣ አንዷ ፎቁን፣ ሌላው የፊት ገጽታውን ይወስዳል። ከዚያ በማስረከቢያው ዋዜማ ሌሊት አምስት ሥራ በአንድ ወረቀት ላይ ይለጠፋል። ያ የቡድን ሥራ ይባል እንጂ ጎን ለጎን የተሠራ የግል ሥራ ነው። ሦስት ሜትር በአራት የሆነ ሱቅ ግን እንዲህ አይቆረስም። የአንዱ መደርደሪያ በአሥር ሳንቲ ሜትር ወፈር ሲል የሌላዋ ደንበኛ መቆሚያ ያጣል። ጥበቱ ራሱ ነው ቡድኑን ቡድን የሚያደርገው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። ስፋቱ 3 ሜትር፣ ከደጃፍ እስከ ኋላ ግድግዳ ያለው ጥልቀት 4 ሜትር፣ የጣሪያው ከፍታ 2.80 ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ። አምስቱ ተማሪዎች ክፍሉን መቁረስ ስላልቻሉ ጥያቄዎቹን ይካፈላሉ። መደርደሪያን የያዘችው 40 ሳንቲ ሜትር ትጠይቃለች፤ ከዚያ ካነሰ የዘይትና የፓስታ ካርቶን አይቀመጥበትም። ሻጩን የያዘው ሰው ጎንበስ ብሎ ዕቃ የሚያነሳበት 90 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። ለባንኮኒው 60፣ ለማቀዝቀዣው ሌላ 60 ይጠየቃል። ገዢውን የያዘችው ደግሞ ዊልቸር ዞሮ እንዲወጣ 1.50 ሜትር ባዶ ወለል ያስፈልገኛል ትላለች። የመጨረሻው ተማሪ ለክምችት አንድ ሜትር ካልተሰጠኝ ሱቁ በሳምንት ሦስት ጊዜ መርካቶ ሊመላለስ ነው ብሎ ይሟገታል። ድምሩ 5 ሜትር ነው። ክፍሉ 4 ሜትር ብቻ ነው ያለው። ከተጠየቀው ውስጥ ቅንጦት የለበትም፤ ሁሉም ልክ ናቸው፤ ሆኖም አንድ ሜትር ጎደለ። ተማሪ በግሉ ቢሠራው ይህን ጉድለት ሳያውቀው ያልፈዋል፤ ለእሱ የማይታየውን ጥያቄ ቆርጦ ይጥልና ፕላኑ የተስተካከለ ይመስላል። እያንዳንዱ ጥያቄ ጠበቃ ሲኖረው ግን የጠፋው ሜትር ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ መልስ ይጠብቃል።

መልሱ ወለል ላይ የለም፤ ቀና ብሎ ማየት ይጠይቃል። አገራችን ለጠባብ ቤት የቆየ ዘዴ አላት፦ ቆጥ። ከኋላው መደርደሪያና ከሻጩ መተላለፊያ በላይ፣ ከ2.10 ሜትር ጀምሮ እስከ ጣሪያው ያለው ባዶ ቦታ ቢቆጠር 1.30 ሜትር ጥልቀት፣ 3 ሜትር ርዝመትና 70 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው፤ ወደ 2.7 ሜትር ኩብ ይሆናል። የክምችቱ ጠበቃ እዚህ ላይ ቢደሰት አይገርምም። ደስታው ግን ብዙም አይቆይ። ሻጩን የያዘው ተማሪ ሃምሳ ኪሎ ስኳር ማን ነው መሰላል ላይ ይዞ የሚወጣው ብሎ ያስቆመዋል። ስለዚህ ክምችቱ በክብደት ይለያል፦ ሶፍት፣ ማካሮኒ፣ የደረቅ ሳሙና ካርቶን ወደ ላይ፤ ስኳር፣ ዱቄትና ዘይት ደግሞ ባንኮኒው ሥር ባለው ባዶ ቦታ። ይህ እንደተፈታ ሌላ ይመጣል። የኮንዶሚኒየም ሱቅ ብዙውን ጊዜ ብርሃን የሚያገኘው በፊት ለፊቱ ብቻ ነው፤ ቆጥ የተሠራበት ኋለኛው ክፍል ይጨልማል፤ ባለሱቁም የሁለት ሳሙናዎችን ቀለም ለመለየት በቀን አምፖል ሊያበራ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ መገመት ነው። ቆጡን ከፊት በኩል አጭር አድርጎ ከኋላ ማስረዘም፣ ከታች ያለውን ገጽ ነጭ መቀባት፣ የኋላውን መደርደሪያ ጀርባ ነጣ ያለ ቀለም መስጠት እዚህ ላይ ጌጥ መሆናቸው ይቀራል። ማቀዝቀዣውም የራሱን መስመር ትቶ የባንኮኒው አንድ ጫፍ ይሆናል፤ ያኔ 60 ሳንቲ ሜትሩ ይተርፋል። አንድ ሜትር ከክምችት፣ ስድሳ ከማቀዝቀዣ፤ 5 ሜትሩ ወደ 3.40 ወረደ። የተረፈው 60 ሳንቲ ሜትር ለምን እንደሚውል ሌላ ክርክር ነው፤ ወደ ምሥራቅ ለሚያይ ሱቅ ግን መልሱ ቅርብ ነው። የጠዋት ፀሐይ ዝቅ ብላ ቀጥ ስለምትገባ ቸኮሌቱንም ቅቤውንም ታቀልጣለች፤ መስኮቱን ትንሽ ወደ ውስጥ መሳብ ከፀሐይም ከክረምት ወጨፎም ያድናል። የዝናብ መጠለያም ይሆናል፤ ዝናብ ሊያስጥል የቆመ ሰው ደግሞ አንድ ነገር መግዛቱ አይቀርም።

የጠዋቷ ልጅ አልተረሳችም። ለቆመ አዋቂ የሚመች ባንኮኒ አንድ ሜትር ገደማ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ጀርመናዊው ኤርንስት ኖይፈርት እ.ኤ.አ. በ1936 ካሳተመውና እስካሁን የዲዛይን ተማሪ ከእጁ ከማይለየው የልኬት መጽሐፍ ጀምሮ ብዙ መመሪያዎች የሚነሱት ከአዋቂ አካል ነው። የሰፈር ሱቅ ደንበኛ ግን ተልኮ የመጣ ልጅ ነው። ከባንኮኒው ርዝመት 80 ሳንቲ ሜትር ያህሉን ብቻ ወስዶ ቁመቱን ወደ 75 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ ይህን ይፈታል፤ ልጅቷ ትታያለች፣ ተራዋም ይታያል። በዊልቸር የመጣ ሰውም ከፊቱ ግድግዳ ሳይሆን ጠረጴዛ ያገኛል። እንቁላል በትሪ ይዘው የቆሙ እናትም ማሳረፊያ አገኙ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል፤ ተማሪዎች ይህን ብዙ ጊዜ የሚያነቡት ከበር ፊት የሚለጠፍ ራምፕ አድርገው ነው። ራምፑን ወጥቶ የገባ ሰው ባንኮኒው አናቱ ላይ ከደረሰ ግን ገባ እንጂ አልገዛም። ዝቅ ያለው ክፍል የተገኘው የሕግ አንቀጽ ያነበበችው ተማሪና ልጅ ስትገፋ ያየው ተማሪ አንድ ጠረጴዛ ላይ ስለተቀመጡ ነው፤ ለየብቻቸው ቢሆኑ አንዷ ራምፕ፣ አንዱ የልጅ ደረጃ ሠርተው ሁለቱም የደንበኛውን ወለል ይሻሙ ነበር።

እዚህ ላይ የሚነሳ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ባለሱቁ ይህን ሁሉ ያለ ተማሪ ያውቀዋል፤ ሃያ ዓመት የሠራበትን ሱቅ ገና ሁለተኛ ዓመት የደረሰ ልጅ ምን ሊያስተምረው ነው? ተቃውሞው ግማሹ እውነት ነው፤ እውነት የሆነውን ግማሽ መዋጥ ይገባል። መርካቶን የሚያህል የንግድ ከተማ በተማሪ ወረቀት አልቆመም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ ወደ ምዕራብ ሲዛወር ፕላኑን የነደፉት ባለሥልጣናት ነበሩ፤ ሸማ ተራን ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራን ምናለሽ ተራ ያደረጉት ግን ነጋዴዎቹ ናቸው። ባንኮኒ የሚለው ቃላችን እንኳ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ አጠቃቀሙን ግን አገር ውስጥ ነው የሠራነው፤ በላዩ እንመዝንበታለን፣ የዱቤ ደብተር እንገልጥበታለን፣ ተደግፈን የሰፈር ወሬ እናወራበታለን። በ1990ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባን ከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ሲያስተዳድሩ በየመንገዱ የተተከሉት፣ ሕዝቡ «አርከበ ሱቅ» ብሎ የሰየማቸው ትንንሽ ሱቆችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ዓይነታቸው አንድ፣ ልካቸው ተቀራራቢ ነበር፤ ወዲያው ግን አንዱ ሸራ ዘረጋ፣ አንዱ መስኮቱን ወደ ውጭ አወጣ፣ አንዱ ከፊቱ አግዳሚ ወንበር አኖረ። ባለሙያ የሳለው ሣጥን ነበር፤ ሱቅ ያደረገው ነጋዴው ነው።

ይህ ማለት ግን ዲዛይን አያስፈልግም ማለት አይደለም። የባለሱቁ ዕውቀት በእጁ ውስጥ ነው ያለው። ሚዛኑን ለምን ግራ ላይ እንዳስቀመጠ ቢጠየቅ «ይቀለኛል» ይላል እንጂ አያብራራም፤ ለምን እንደሚቀለው ያልተጻፈ ዕውቀት ደግሞ ከእሱ ጋር ይቀራል፤ ከሚቀጥለው ኮንዶሚኒየም ሱቅ አይደርስም። በዚያ ላይ ባለሱቁ መሞከር አይችልም። የባንኮኒውን ቦታ ቀይሮ ቢሳሳት የሚከፍለው የሳምንት ሽያጭ ነው፤ ኪራዩ ደግሞ አይጠብቅለትም። ተማሪ ግን መሳሳት ሥራው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መሳል ሊሆን አይገባም፤ ቁጭ ብሎ መቁጠር ነው። በአንድ ሰዓት ስንት ሰው መጣ? ስንቱ ወደ ውስጥ ገባ፣ ስንቱ ከደጃፍ ገዝቶ ተመለሰ? ሻጩ ስንት ጊዜ ዞረ፣ ስንት ጊዜ ጎንበስ አለ? በጣም የሚሸጠው ዕቃ ከእጁ ስንት እርምጃ ይርቃል? ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ከመጣ ወዲህ ደግሞ ገዢው ስልኩን አውጥቶ ቁጥር እያነበበ የሚቆምበት አዲስ ቆይታ ተፈጥሯል፤ ቁጥሩ የተለጠፈው ባንኮኒው መሀል ከሆነ የሚከፍለው ሰው ገና የሚጠይቀውን ያግዳል። ይህን ያስተዋለ ቡድን ቁጥሩን ወደ መውጫው ጎን ያዛውራል፤ አንድ ወረቀት ከማንሳት በቀር ወጪ የለውም፤ እኔ እንደማስበው ከየትኛውም የጅብሰም ኮርኒስ ይበልጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከራሱ ከሙያው ነው የሚመጣው፦ ሱቅ ትንሽ ነገር ነው፤ ሥነ ሕንፃ አይባልም። ለዚህ መልሱን ቪየና ሄዶ ማየት ይቻላል። አርክቴክቱ ሃንስ ሆላይን በዓለም ደረጃ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1965 ባጠናቀቀው «ሬቲ» በተባለ የሻማ መሸጫ ሱቅ ነው። ፊቱ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ በመካከሉ ጠባብ መግቢያ የተቀደደለት፣ ወለሉ ጥቂት ካሬ ሜትር ብቻ የሆነ ሱቅ ነበር። በዓመቱ ዓለም አቀፉን የሬይኖልድስ መታሰቢያ ሽልማት አገኘበት፤ ሃያ ዓመት ቆይቶ በ1985 የሙያው ትልቁ ሽልማት ፕሪትዝከር ተሰጠው። ጣሊያናዊው ካርሎ ስካርፓም በቬኒስ የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ላይ ለኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና የሠራው ትንሽ ማሳያ እስካሁን ሰው የሚጎበኘው ነው። የእነዚህን ውበት እዚህ መገልበጥ አያስፈልግም፤ የአሉሚኒየም ፊት ለሽሮና ለበርበሬ ምንም አይፈይድም። የሚያረጋግጡት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሥራው ክብደት በካሬ ሜትር አይለካም።

ጥበት ሌላ ጥቅምም አለው፤ በእውነተኛ ልኩ ሊሠራ ይችላል። ሆስፒታልን በሙሉ ልኩ መሞከር አይታሰብም፤ 12 ካሬ ግን በስቱዲዮ ወለል ላይ በፕላስተር ይሰመራል፣ ባንኮኒው በካርቶን ይቆማል፣ ከተማሪዎቹ አንዱ ሻጭ ሌሎቹ ገዢ ሆነው ይጫወቱታል። በወረቀት ላይ በቂ የመሰለው 90 ሳንቲ ሜትር ጎንበስ ሲሉ መቀመጫ ከኋላ መደርደሪያ ጋር እንደሚያጋጭ በአንድ ደቂቃ ይታወቃል። ይህ ለአገራችን እንግዳ ልማድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ከጅምሩ ትምህርቱን ከግንባታ ጥናት ጋር ያያይዝ ነበር፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ልደታ የሚገኘው ተተኪው ኢንስቲትዩትም በግቢው ውስጥ የሙከራ ቤቶችን በሙሉ ልካቸው አቁሟል፤ ከዙሪኩ ኢ.ቲ.ኤች. ዩኒቨርሲቲ ጋር ከአፈር የተሠራው ባለ አንድ ፎቅ ቤት አንዱ ነው። በአሜሪካ አላባማ እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው የኦበርን ዩኒቨርሲቲ «ሩራል ስቱዲዮ» ደግሞ ተማሪዎች ለእውነተኛ ሰው እውነተኛ ቤት የሚሠሩበት ትምህርት ነው። የእኛ ተማሪዎች ቤት ለመሥራት ገንዘቡ ባይኖራቸው ካርቶንና ፕላስተር አያጡም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከተማሪዎቹ ነው፤ በጣም የሚሰማውም እሱ ነው። በየቡድኑ ስሙን ብቻ የሚያስጽፍ አለ፤ ሁለቱ ሌሊት ይሠራሉ፣ አምስቱ እኩል ውጤት ይወስዳሉ። ይህን ጥበት ብቻውን አያጠፋውም፤ ያጠፋዋል የሚል መምህር ራሱን ያታልላል። ያም ሆኖ ጥያቄ የተካፈለ ቡድን ቦታ ከተካፈለ ቡድን ይልቅ ጎዶሎውን ቶሎ ያሳያል። ፎቁን ወስዶ ያልሠራ ተማሪ እስከ መጨረሻው ቀን ባዶ ወረቀቱን ሊደብቅ ይችላል። የገዢው ጠበቃ ሳይመጣ የቀረ ቀን ግን ባንኮኒው በ20 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ይገፋል፤ ያቺ 1.50 ሜትር የት ሄደች ብሎ የሚጮህ የለምና። ለፈተና የሚቀርበውም የመጨረሻው ቆንጆ ስዕል ብቻ መሆን የለበትም፤ እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ከማን ወደ ማን እንደተዛወረና ማን እንደተሟገተ የሚያሳይ ማስታወሻ አብሮ መቅረብ አለበት። ጠበቃነቱንም በየሳምንቱ ማቀያየር ጥሩ ነው፤ ትናንት ለክምችት የተከራከረ ዛሬ ለልጅቷ ይከራከር። አንዳንዱ ተማሪ ይህን አድካሚ ይለዋል፤ አዎ፣ አድካሚ ነው።

ወጪ የሚሉም አሉ፤ ሱቁ ኪራይ ነው፣ ነገ ሊነሳ ይችላል፣ ማን ነው ዲዛይን ላይ ገንዘብ የሚያፈስ? በቅርብ ዓመታት የኮሪደር ልማት የብዙ መንገዶችን ዳር ገጽታ ሲለውጥ ያየ ነጋዴ ይህን ቢጠይቅ ትክክል ነው። መልሱ ግን ከዲዛይን መሸሽ አይደለም፤ የሚነቀል ዲዛይን ነው። ግድግዳ ላይ በሲሚንቶ የተጣበቀ ባንኮኒ ከባለሱቁ ጋር አይሄድም፤ በብሎን የታሰረ፣ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንድ ጋሪ የሚጫን ባንኮኒ ግን ሀብት ነው። ቆጡም የግድግዳ ሸክም ከሚሆን በራሱ ብረት እግሮች ቢቆም ሌላ ክፍል ውስጥ ይተከላል። የመገጣጠሚያው ዝርዝር ስዕል ከዋናው ፕላን እኩል ውጤት ሊሰጠው የሚገባውም ለዚህ ነው፤ ብረት በያጁ ያልገባው ስዕል ሱቅ አይሆንም።

ሥራው በዳኞች ፊት በሚታይበት የጁሪ ቀን ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው የቀን ፕላን ነው፤ ሱቁ ክፍት፣ መደርደሪያው ሙሉ፣ ገዢው በመሀል። ጥሩ ዳኛ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ምሽት 3 ሰዓት ላይስ? ደጃፍ የዋለው ባልዲ፣ መጥረጊያ፣ የለስላሳ ሳጥን፣ ጀሪካን ሁሉ ገብቶ የላሜራው በር ሊወርድ ነው። ቡድኑ ለእነዚህ በፕላኑ ላይ ቦታ ከፈለገ አያገኝም፤ እያንዳንዷ ሳንቲ ሜትር ተይዛለች። ያኔ ማስታወሻው ይገለጣል። ለዊልቸሩ መዞሪያ ስትባል ሳምንታት ሙሉ የተከላከሏት 1.50 ሜትር ወለል በሌሊት ባዶ ናት። ባልዲውና ሳጥኑ እዚያ ያድራሉ፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከሰው በፊት ይወጣሉ።